ያረምኩት ኮምፒውተር

ቁጡ ሰው ነኝ። ሳስተምር በጠመኔ እናደድ ነበር፤ ጡረታ ስወጣ በራዲዮ መናደድ ጀመርኩ፤ በስተርጅና ደግሞ ኮምፒውተር መጣልኝ። ከሦስቱ የከፋው የመጨረሻው ነው። ጠመኔ ቢሰበር ሌላ ይነሣል፣ ራዲዮም ይዘጋል። ኮምፒውተር ግን የቱንም ያህል ብትጮህበት ድምፁን ከፍ ሳያደርግ በእንግሊዝኛ ይመልስልሃል።

ነገሩ የጀመረው በባለቤቴ ዓይን ነው። ሽሮ ሜዳ አንድ ሱቅ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ጥልፍ ስትጠልፍ የኖረች ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ በመርፌና በክር የደከመ ዓይኗን ማታ በመጽሐፍ ታሳርፈው ነበር፤ ማረፍ ከተባለ። የአማርኛ መምህሩ እኔ ብሆንም ከእኔ እጥፍ የምታነበው እሷ ነበረች። ከዚያ ግላኮማ የሚሉት መጣ። ሐኪሙ «የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ» አለን። የቀረውም ብዙ አልቆየ። አሁን ብርሃንና ጨለማ ትለያለች፤ በር ላይ ሰው ቢቆም ታውቃለች፤ ፊደል ግን የለም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ የማነብላት እኔ ነኝ። ምሳ ከተበላ በኋላ መስኮቱ አጠገብ እንቀመጣለን፣ መነጽሬን አደርጋለሁ፣ ልብ ወለዱን ካቆምንበት እቀጥላለሁ። ድምፄ አሁንም ስልሳ ተማሪ ለተቀመጠበት ክፍል ይበቃል። በንባቤ እኮራለሁ፤ የሚጠብቀውን ጠበቅ፣ የሚላላውን ላላ አድርጌ ነው የማነበው።

አንድ ቀን መጽሐፉን ስዘጋ «ራሴ ማንበብ ነው የምፈልገው» አለችኝ።

«እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ስፈልግ ጀምሬ ስፈልግ ማቆም አማረኝ። የወደድኩትን ገጽ ሁለቴ ማንበብ አማረኝ። ማንንም ሳልለምን።»

አልተቀየምኩም ብል ውሸት ነው። ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ከእኔ ምንም ጠይቃ የማታውቅ ሴት ናት። ይህቺን አንዷን ነገር አደርግላታለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ስልክ አልሆነላትም፤ መስታወቱ ለስላሳ ስለሆነ ጣቷ የሚይዘው ነገር አጣ፣ አንዱን ስትነካ ሌላው ይከፈትባታል። ስለዚህ ልጃችን ለሥራ ጅማ ስትሄድ ጥላው የሄደችውን አሮጌ ላፕቶፕ ከቁም ሣጥን ላይ አወረድኩ።

ከሰፈራችን ዳገት ወርደው ዊንጌት ሲደርሱ ታክሲ መያዣው አጠገብ ኮምፒውተር የምትጠግን ሴት አለች። ድሮ ያስተማርኳት ናት። ዛሬ አርባ ዓመት ሊሞላት ነው፣ የራሷ ሱቅና የራሷ ደንበኛ አላት፤ እኔን ግን አሁንም «ቲቸር» ነው የምትለኝ። ላፕቶፑን አስነሣችው። ዊንዶውሱ እስኪከፈት ድረስ ሁለት ሰው አስተናግዳ ሸኘች።

«ቲቸር፣ ይሄ ማሽን ዊንዶውስ መሸከም አቅቶታል። በዚያ ላይ ቫይረሱ! ሊኑክስ ልጫንበት። ይቀለዋል፣ በነጻ ነው፣ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራምም አለው። አማርኛ ያነባል።»

«ሊኑክስ ደግሞ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። የሁሉም ነው። የተሠራበት ኮድ ክፍት ነው፤ ስሕተት ያገኘ ሰው ገብቶ ያስተካክላል።»

«የሁሉም የሆነ ነገር እኛ በር ላይም አለ፤ ቧንቧ ይባላል። ከተበላሸ ሁለት ወሩ ነው፣ ገብቶ ያስተካከለ ሰው አላየሁም።»

ሳቀች። «ይሄኛውን ያስተካክሉታል፣ ቲቸር። ሰዉ በሙሉ አስተማሪ ነው፣ እርማት ይወዳል።»

ይህችን ንግግር ወደድኳት። ክፉኛ ነው የወደድኳት፣ ጣጣውም ከእሷ መጣ።

እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ጫነችልኝ። አሮጌው ማሽን በእርግጥ ነፍስ ዘራ፤ ውሃ ሳይፈላ ይከፈት ጀመር። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንባቢው ፕሮግራምና የአማርኛው ድምፅ ከኢንተርኔት የሚወርዱ ናቸው፣ የዚያን ዕለት ደግሞ የሱቋ መስመር ተቆርጧል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሦስት መስመር በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈችልኝ። «ቤትዎ ሲገቡ ከስልክዎ ኢንተርኔት ጋር ያገናኙት፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ይክፈቱ፣ እነዚህን አንድ በአንድ ይጻፉ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።» ግማሽ ሰዓት አለችኝ። ወረቀቷን ኪሴ ከትቼ ዳገቱን እንደ ልጅ ወጣሁት።

ባለቤቴ ገና ሳልከፍተው ላፕቶፑን ተቀበለችኝና በጣቶቿ ዳሰሰችው። «እነዚህ ሁለት ቁልፎች ላይ ያለችው እብጠት ምንድን ናት?» አለች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነትም መካከለኛው ረድፍ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ቁልፎች ትንሽ ሰረዝ አላቸው። ዓይን ያለኝ እኔ በሕይወቴ አላየኋቸውም። እሷ በዚያው ቀን ከሁለቱ እየተነሣች የሌሎቹን ቦታ መቁጠር ጀመረች። ሃያ ስምንት ዓመት የተጠለፈበት ጣት ነው፤ አይስትም።

እኔ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ሥራዬን ጀመርኩ። ከስልኬ ጋር አገናኘሁት። ቀና ብዬ ጥጉ ላይ ያለውን ሰዓት ሳይ ዘጠኝ ሰዓት ይላል፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነን። ቀኑንም አየሁት፦ የፈረንጅ ነው፣ ከነዓመቱ። ሠላሳ አራት ዓመት ሰሌዳ በቀኝ ጫፍ ላይ ቀኑን ጽፌ ከሥሩ ያሰመርኩ ሰው ነኝ። ቤቴ ውስጥ፣ ጠረጴዛዬ ላይ፣ በስሕተት ቀን ትምህርት አይጀመርም። ስሕተት ያገኘ ገብቶ ያስተካክላል ተብያለሁ፤ ገባሁ። ሰዓቱን ሦስት አደረግሁት። ወሮቹ በእንግሊዝኛ ስለተጻፉ ከመስከረም ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ጥር አምስተኛ ነው፣ አምስተኛውን መረጥኩ። ዓመቱንም ወደ እኛ መለስኩት። እንደገና ቀና ስል ሁሉንም ወደ ፈረንጅ መልሶታል! አረምኩት፤ መለሰው። በኋላ ሳገላብጥ «በራሱ ይስተካከል» የምትል ማብሪያ ማጥፊያ አገኘሁና አጠፋኋት። ከዚያ ወዲህ ቀጥ አለ። ባለቤቴን ጠርቼ «አሁን የእኛ ሰው ሆነ» አልኳት።

ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ። የመጀመሪያውን መስመር ፊደል በፊደል ጻፍኩ። የይለፍ ቃልህን ጻፍ አለኝ። ስጽፍ ምንም አይታይም፤ ነጥብ የለ፣ ኮከብ የለ። ቁልፉ ተበላሽቷል ብዬ ጠንክሬ መታሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ስልክ ደውዬ ስጠይቃት «አይታይም፣ ቲቸር፣ እንዳይሰረቅ ነው፤ ዝም ብለው ጽፈው ኢንተር ይምቱ» አለችኝ። ማን ነው የሚሰርቀው? ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ማየት የተሳናት ሚስቴ ነን። ይህንንም ለማሽኑ ጮክ ብዬ ነገርኩት።

በመጨረሻ ተቀበለኝና መስመሮች ይጎርፉ ጀመር። ደስ አለኝ። ወዲያው ቆመ። የጻፈልኝን በመዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ፈታሁት። የምትፈልገው ፋይል ገና ጊዜው አልደረሰም ይላል። ለተጨማሪ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ምናምን ቀን አይጸናም ይላል።

በወረቀት አካፈልኩት። ሰባት ዓመት ተኩል አለፍ ይላል።

«ምን አለህ?» አለችኝ ባለቤቴ።

«ሰባት ዓመት ጠብቅ አለኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ደህና አርገህ አንብበው።»

«ደህና አድርጌ ነው ያነበብኩት! ያን ጊዜ እኔ ሰማንያዬን ልይዝ ነው፣ አንቺ ሰባ አምስት። ጸሎታችንን ጨርሰን እንጠብቀው?»

እሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። ሌላ መንገድ ሞከርኩ፤ ፋይሉን ራሴ ከድረ ገጽ ላወርድ ብዬ ብከፍት ይህ ቦታ አስተማማኝ አይደለም እያለ በር ዘጋብኝ። ሌላ ድረ ገጽ ከፈትኩ፣ እሱም አስተማማኝ አይደለም። ዓለም በሙሉ አስተማማኝ አይደለም። ደወልኩ። የዊንጌቷ «ኔትወርክ ይሆናል፣ ነገ ይሞክሩት» አለችኝ። በማግስቱ ሞከርኩ፤ ያው ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ምናምን። በሦስተኛው ቀንም ያው። እኔ አንድ ቀን ስጠብቅ እሱ አንድ ቀን እንኳ አይቀንስልኝም፤ ይህም አናደደኝ።

የሚያሳፍረኝ ቀጥሎ ያለው ነው። እንዲህ ስል ሁለት ሳምንት አለፈ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አላነበብኩላትም። ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ይሠራል እያልኩ መጽሐፉ እንደተገለበጠ መስኮቱ ላይ ቀረ። እሷ ምሳ እንደበላች መጥታ ጠረጴዛው ፊት ትቀመጣለች፣ ሁለቱን ጣቶቿን ሁለቱ ሰረዞች ላይ ታሳርፋለች፣ ትጠብቃለች። እኔ ከጎኗ ቆሜ እጮሃለሁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፣ ቀስ በል» ትለኛለች። ቀስ ማለት አልችልበትም። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን፤ ማሽኑም አለ፣ ጣቷም አለ፣ ንባብ ግን የለም። አንድ ቀን ከጠረጴዛው ስትነሣ «ይቅርብኝ፣ አንተ ልትታመም ነው» አለች። የተናገረችው ቀስ ብላ ነው፤ እኔ ላይ ያረፈው ግን እንደ ድንጋይ ከብዶ ነው። አንዲት ነገር ጠይቃኝ እሷንም መልሳ ልትተውልኝ ነው።

በማግስቱ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልዬ ዊንጌት ወረድኩ። ታክሲው ውስጥ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር የሄድኩት። ሱቋ ውስጥ ሦስት ደንበኞች ነበሩ። ሰላምታ እንኳ አላስጨረስኳትም።

«የማይሠራ ነገር ጭነሽ ነው የሰጠሽኝ! ይሄ ነው የሁሉም የምትይው? እኔ ተማሪዬ ናት ብዬ አምኜ መጣሁ። ሚስቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ባዶ ማሽን ፊት ተቀምጣ ዋለች። ሰባት ዓመት ጠብቅ ይለኛል!»

እሷ ፌስታሉን ተቀበለችኝ፣ ማሽኑን ከፈተች፣ ጥቁሩን መስኮት አነበበች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጥጉ ሄደ። ብዙ ቆየ እዚያ።

«ቲቸር፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

ወዲያው መለስኩላት፤ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ክፍል ውስጥ እንደምለው።

«በማን?» አለችኝ።

በቀን አሥር ጊዜ የምንጠያየቀው ጥያቄ ነው። በእኛ ነው በፈረንጅ? ሐኪም ቤት እንጠይቃለን፣ ባንክ እንጠይቃለን፣ ለቀጠሮ እንጠይቃለን። እኔ ደግሞ ያንን ሁሉ ቀን አንዴም አልጠየቅሁም፤ በእኛ ነው ብዬ ወሰንኩ፣ ጨረስኩ።

«ይሄ ማሽን ዛሬ የተጻፈ ወረቀት ሲመጣለት ቀኑን ያያል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እርስዎ ከሰባት ዓመት በፊት ላይ አስቀምጠውታል። ስለዚህ የሚመጣለት ነገር ሁሉ ገና ያልተጻፈ ይመስለዋል። ፋይሉም፣ ድረ ገጹም። ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ እንደሚያሳየው ነው። አላምንም ይላል፤ እውነቱን ነው። እኔም በስልክ ቀኑን ብጠይቅዎ ያኔውኑ አገኘው ነበር። የእኔም ጥፋት አለበት።»

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይባላል። እዚያ ቆሜ ራሴን ነው የሰማሁት፤ ገና ድምፄ ከሱቁ ግድግዳ ላይ አልረገፈም። አንዱ ደንበኛ ሳቁን ለመዋጥ ወደ ታክሲዎቹ ዞረ። ላስተባብል አሰብኩ፤ ለምንድን ነው ማሽኑ የእኛን አቆጣጠር የማያውቀው፣ አሥራ ሦስት ወር ምን አደረገው ልል ነበር። እሷም ይህንን ያወቀች ይመስለኛል።

«ሰባተኛ ክፍል እያለሁ» አለች «ደብተሬ ላይ ቀኑን በፈረንጅ ጽፌ አንድ ማርክ ቀንሰውብኛል።»

«ቀንሼ ነበር?»

«ቀንሰዋል። በቀይ።»

«ይቅርታ፣ ልጄ» አልኳት። ለማርኩ ይሁን ለጩኸቱ አልለየሁም፤ ደንበኞቹ ግን ለጩኸቱ መሆኑን እንዲሰሙ ጮክ አድርጌ ደገምኩት። ቀኑንና ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ መለሰችው። ያቺን ያጠፋኋትን ማብሪያ አበራቻት። ሦስቱን መስመሮች ጻፈች፤ ሳትጨርስ ሁሉም ወረደ። ግማሽ ሰዓትም አልፈጀ። ልጃችን ከጅማ በስልኬ የላከችውን ደብዳቤና አንድ ሰው በፈቃዱ ለሕዝብ ያሰራጨውን ረጅም ልብ ወለድ ጨምራ ጫነችልኝ፤ የትኛውን ቁልፍ ሲመቱ እንደሚጀምር፣ የትኛውን ሲመቱ እንደሚቆም በስልክ ለባለቤቴ ራሷ ነገረቻት። ለእኔ አልነገረችኝም።

ቤት ስደርስ ምሳ ተበልቶ ነበር። ባለቤቴ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች፣ ጣቶቿ ቦታቸውን ያዙ፣ ነገሩን ራሷ አስነሣችው። ድምፁ የወንድ ነው፤ ጣሳ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ይመስላል። መጀመሪያ የልጃችንን ደብዳቤ አነበበ። ባለቤቴ አቆመችው፤ መለሰችው፤ ያቺኑ አንቀጽ ደግማ ሰማች። እንደገና መለሰችው። ሦስት ጊዜ። እኔን አልለመነችም። ከዚያ ልብ ወለዱን ከፈተች።

መታገሥ አልቻልኩም። የማሽኑ ሰውዬ የሚጠብቀውን ያላላል፣ የሚላላውን ያጠብቃል። በልብ ወለዱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ልጇን ስትጠብቅ «ገና አልመጣም» የሚለውን፣ የልደት በዓል አልመጣም አድርጎ አነበበው። ልጁ ራቱን በደንብ ይበላል የሚለውን፣ ልጁን ጅብ ሊበላው ነው የሚያሰኝ አድርጎ አነበበው። «ይበላል ነው እንጂ!» እላለሁ። «ገና ነው እንጂ፣ ገና!» እላለሁ። እሱ አይሰማኝም፤ ይቀጥላል። አምስተኛ ገጽ ላይ ስንደርስ እጄን ሰደድኩና አቆምኩት።

«ይሄንን ነው የምትሰሚው? በአንድ መስመር ሁለት ቃል እየገደለ?»

«ይግደል። እኔ እያስተካከልኩ እሰማዋለሁ።»

«እኔ እያለሁልሽ? የቱ ላይ ነው ይሄ ቆርቆሮ ከእኔ የሚሻለው?»

እጇን ከቁልፎቹ አላነሣችም። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፤ ድምፄ ባለበት በኩል።

«አንተ በጣም ነው አሳምረህ የምታነበው። ግን ገጹን በገለጥክ ቁጥር ትተነፍሳለህ።»

«እተነፍሳለሁ?»

«ኡፍ ትላለህ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በያንዳንዱ ገጽ። መቼ ይሆን የሚያልቅለት እያልኩ ነው የምሰማህ። ታሪኩ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይሄ አይተነፍስም።»

ውሸት ነው ልላት ነበር። ደክሞኝ ይሆናል፣ መነጽሩ ይሆናል፣ አንቺን አይደለም ልላት ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን «ኡፍ» ነው።

እሷ ማስጀመሪያውን ቁልፍ ተጭና ነበር።